የሌላው መውደቅና የተመልካቹ ዓይን



በአገራችን «ክረምት» ሲባል ወደ አእምሮአችን የሚመጣው ዝናብ፣ ጭቃና የሞላ ወንዝ ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ግን ክረምት ማለት ምድር በበረዶ የሚሸፈንበት፣ ሐይቅ ረግቶ እንደ ድንጋይ የሚጠነክርበት ወራት ነው። የእነዚያ አገሮች ሰዎች ከብርዱ ጋር ሲታገሉ ኖረው በበረዶ ላይ መሄድን፣ መንሸራተትንና መዝለልን ወደ ጨዋታና ወደ ውድድር ለወጡት። እ.ኤ.አ. በ1924 በፈረንሳይ አገር በሻሞኒ የተጀመረው የክረምት ኦሊምፒክ የመጣው ከዚህ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ይህ ውድድር በቴሌቪዥን አማካይነት በረዶ መሬቱን ሸፍኖ አይተው በማያውቁ ሕዝቦች ዘንድ እንኳ ይታያል።

ውድድሩን የሚመለከት ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። በሩጫ ሜዳ የደከመ ሯጭ እርምጃው ያጥራል፣ ወደ ኋላም ይቀራል፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ ቆሞ ይጨርሳል። በበረዶ ላይ ግን በጥቂት ስሕተትና በመውደቅ መካከል ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ነው። ባለ ሸርተቴው የሚቆመው ስፋቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር በሆነ የብረት ስለት ላይ ነው፤ ከተራራ ቁልቁል የሚወርደው ባለ ስኪ ደግሞ በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝበት ጊዜ አለ። ለብዙ ዓመታት የተደከመበት ሥራ በቅጽበት ይፈርሳል። የተመልካቹም ዓይን ይህን ስለሚያውቅ ሁለት ነገር ይጠብቃል፤ አንደኛው የተወዳዳሪውን ችሎታ ማየት፣ ሁለተኛው ደግሞ የተወዳዳሪውን መውደቅ ማየት ነው። የምንደግፈው ሰው ሲንገዳገድ ልባችን ይደነግጣል፤ የተፎካካሪውን እግር በረዶው ሲከዳው ግን በውስጣችን አንዲት ትንሽ ደስታ ብልጭ ትላለች።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምራት የምንፈልገው ይህችን ትንሽ ደስታ ነው። በሌላው መውደቅ መደሰት፣ ወይም መውደቁን በጉጉት መጠበቅ፣ በሩቅ ተቀምጠን ለምናይ ለእኛ በደል ነውን? ወይስ ጨዋታ ስለ ሆነ በጨዋታነቱ ሊታለፍ የሚገባው ነው?

«እኛ አልገፋነውም»

መጀመሪያ የሚቀርበው መከላከያ የታወቀ ነው። «ሰውየው የወደቀው በራሱ ስሕተት ነው፤ እኛ አልገፋነውም። በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው የእኛን ሳቅ አይሰማም። እንግዲህ ማንን ጎዳን?» ይባላል። ይህ አነጋገር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ሰውን ጠልፎ በሚጥልና ሲወድቅ በሚያይ መካከል በእርግጥ ታላቅ ልዩነት አለ። ነገር ግን በደል ሁሉ በእጅ ብቻ የሚፈጸም ቢሆን ኖሮ ምቀኝነት በደል ባልተባለ ነበር፤ ምቀኛ ሰው ብዙውን ጊዜ እጁን አያነሣምና። ስለዚህ ልንጠይቅ የሚገባን በእጃችን ያደረግነውን ብቻ ሳይሆን፣ ያንን ሰው በዓይናችን ምን አድርገን እንዳየነው ጭምር ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ ታሪክ አለ። በ1970 በምዕራብ ጀርመን በኦበርስትዶርፍ በተደረገ የስኪ ዝላይ ውድድር፣ ቪንኮ ቦጋታይ የተባለ የያኔዋ ዩጎዝላቪያ ተወዳዳሪ፣ በትውልዱ ስሎቬናዊ የሆነ፣ ከመዝለያው ጫፍ ሳይደርስ ሚዛኑን ስቶ እየተንከባለለ ወደቀ። አወዳደቁ ለሚያየው እጅግ የሚያስፈራ ቢሆንም የደረሰበት ጉዳት ቀላል ነበር። ይሁን እንጂ ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድርጅት ይህን ትዕይንት በሳምንታዊ የስፖርት ፕሮግራሙ መክፈቻ ላይ አስገብቶ፣ የሽንፈት ሥቃይ ምሳሌ አድርጎ ለብዙ ዓመታት ደጋግሞ አሳየው። ቦጋታይ በሩቅ አገር ምን ያህል እንደ ታወቀ የተረዳው በ1981 ለፕሮግራሙ ሃያኛ ዓመት በዓል ተጋብዞ ወደ አሜሪካ በሄደ ጊዜ ነው። ይህ ሰው በፋብሪካ ሠርቶ ያድር የነበረ፣ ሥዕል የሚሥል፣ በኋላም ወጣት ዘላዮችን ያሠለጠነ ሰው ነው፤ ካሠለጠናቸውም መካከል አንዱ ፍራንቺ ፔቴክ በ1991 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተመልካቾች ግን ከሕይወቱ ሁሉ የሚያውቁት ያችን ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነበር።

ቦጋታይን ማንም አልገፋውም። ሆኖም አንድ ነገር ተወስዶበታል፤ ሰውነቱ በሙሉ በአንድ ውድቀቱ ተተክቷል። በሌላው መውደቅ የሚደሰት ዓይን የሚፈጽመው በደል ይህ ነው። ሰውን ከውድቀቱ ጋር አንድ ያደርገዋል፤ ከውድቀቱ በፊት የነበረውን ድካም፣ ከውድቀቱ በኋላ የሚመጣውን መነሣት አያይም። የወደቀው ሰው ባይሰማንም እንኳ ፍርዳችን የተዛባ መሆኑ አይቀርም። ስለ አንድ ሰው በልብ የሚያዝ ሐሰት ሰውየው ስላልሰማው ብቻ እውነት አይሆንምና።

«የሥራውን አገኘ»

ሁለተኛው መከላከያ ከፊተኛው ይልቅ የጠነከረ ነው። «የወደቀው አጥፊ ቢሆንስ? አጥፊ ሲወድቅ ብንደሰት የተደሰትነው በፍትሕ ነው» የሚል ነው።

በ2022 በቤጂንግ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ይህ ጥያቄ በዓለም ፊት ቀርቦ ነበር። ካሚላ ቫሊዬቫ የተባለች የ15 ዓመት ሩሲያዊት በሙዚቃ በሚደረገው የሸርተቴ ውድድር ለማሸነፍ እጅግ የተጠበቀች ነበረች። በውድድሩ መካከል ግን በታኅሣሥ 2021 የተወሰደው ናሙናዋ የተከለከለ መድኃኒት እንደ ተገኘበት ተሰማ። ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ እንድትወዳደር ስለ ተፈቀደላት፣ በመጀመሪያው ዙር መሪ ሆና ቆይታ በወሳኙ ዙር ደጋግማ ወደቀች፣ አራተኛም ሆነች። ካሜራዎቹ ከበረዶው ስትወጣና ስታለቅስ አልተለዩአትም። ያን ጊዜ ሁለት ዓይነት ተመልካች ነበረ። አንዱ ልጅ ስታለቅስ አየና አዘነ፤ ሌላው ደግሞ «የሥራዋን አገኘች» አለ።

ሁለተኛው ተመልካች የፈለገው በእውነት ፍትሕ ቢሆን ኖሮ በመውደቋ የሚያገኘው ነገር አልነበረም። መውደቋ መድኃኒቱን ማን እንደ ሰጣት አልገለጠም፤ ሳያጭበረብሩ ለተወዳደሩትም የሚገባቸውን አልመለሰም። ፍርዱ የተሰጠው በጥር 2024 ነው፤ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ማስረጃውን መርምሮ ለአራት ዓመታት ከውድድር አገዳት። ፍርድ ቤቱ መዝገብ መርምሮ፣ ክርክር ሰምቶ የደረሰበት ነገር ነው፤ የበረዶው መዳለጥ ግን ጻድቁንም ኃጥኡንም እኩል ይጥላል። እንግዲህ የአጥፊ ቅጣት እንዲፈጸም መሻት አንድ ነገር ነው፤ በአጥፊ ሥቃይ መርካት ግን ሌላ ነው። ሁለቱን የምንለይበት መንገድም አለ። ፍትሕ የሚሻ ሰው ቅጣቱ ሲፈጸም ያርፋል፤ በሥቃይ የሚረካ ሰው ግን ያንኑ ትዕይንት ደጋግሞ ማየት ይፈልጋል።

ማሸነፍን መመኘትና መውደቅን መመኘት

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። «የእኔ ወገን እንዲያሸንፍ ስመኝ ሌላው እንዲሸነፍ መመኘቴ አይቀርም። ታዲያ ውድድር ማየት ራሱ ክፉ ነው ልትሉን ነውን?» አይደለም። መሸነፍና መውደቅ አንድ አይደሉም። በቅን ልብ የሚወዳደር ሰው ተፎካካሪው ባለ ሙሉ ኃይሉ ሆኖ እንዲቀርብና በዚያው እንዲበልጠው ይፈልጋል፤ እንዲያውም የድሉ ክብር በተፎካካሪው ብርታት ይለካል። ተፎካካሪው እንዲወድቅ የሚመኝ ግን ውድድሩ እንዲቀርለት የሚመኝ ሰው ነው፤ ሳይበልጥ በላጭ መባልን ይሻልና።

ይህን በሥራ ያሳየ ሰው ጣሊያናዊው ኤውጄኒዮ ሞንቲ ነው። በ1964 በኦስትሪያ በኢንስብሩክ ቦብስሌይ በተባለው በበረዶ ቦይ ቁልቁል በሚነዳ ተንሸራታች ጋሪ ሲወዳደር፣ የተፎካካሪዎቹ የእንግሊዞቹ የናሽና የዲክሰን ጋሪ አንድ ብሎን ተሰበረበት። ሞንቲ ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም ነበር። እርሱ ግን ከራሱ ጋሪ ብሎን አስፈትቶ ሰጣቸው። በዚያም ውድድር እንግሊዞቹ የወርቅ፣ እርሱ የነሐስ ሜዳይ አገኙ። በኋላም ናሽ ያሸነፈው በብሎኑ ምክንያት ሳይሆን ፈጣን ስለ ነበረ ነው ብሎ መሰከረ። ሞንቲ ለዚህ ሥራው የፒየር ደ ኩበርቲን ሜዳይ ተሸለመ፤ ከአራት ዓመት በኋላም በግሬኖብል ሁለት የወርቅ ሜዳይ አገኘ። በ1964 ግን ይህ ገና አልተገለጠለትም፤ ብሎኑን የሰጠው ሊያጣ እንደሚችል እያወቀ ነው።

የዚህ ተቃራኒ መስሎ የሚታይ አንድ ታሪክ ደግሞ አለ። በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ በአጭሩ መም የ1000 ሜትር የሸርተቴ ፍጻሜ፣ አውስትራሊያዊው ስቲቨን ብራድበሪ ከአምስቱ ተወዳዳሪዎች መጨረሻ ላይ ርቆ ይጓዝ ነበር። በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ከፊቱ የነበሩት አራቱም ተጠላልፈው ወደቁ፤ እርሱም በመካከላቸው አልፎ የወርቅ ሜዳይ ወሰደ። እንዲያውም ከሌሎቹ ያነሰ ፍጥነት እንዳለው ስለሚያውቅ፣ ከግርግሩ ርቆ ቢከተል እንደሚሻለው አስቀድሞ አስቦ ነበር። ይህ ሰው በሌሎች መውደቅ ተጠቅሟል፤ ታዲያ በደለኛ ነውን?

ሊሆን የሚችለውን አስቀድሞ ማየትና እንዲሆን መመኘት ይለያያሉ። ገበሬ ውርጭ ሊመጣ እንደሚችል አስቦ ሰብሉን ቀድሞ ቢሰበስብ የጎረቤቱ ማሳ እንዲጠፋ ተመኘ አይባልም። ብራድበሪ መስመሩን ሲያልፍ እጁን ያነሣው በማመንታት ነበር፤ በኋላም ሜዳዩን የተቀበለው ስለዚያች ደቂቃ ተኩል ሳይሆን ስላለፉት የብዙ ዓመታት ድካሙ እንደ ሆነ ገልጿል። ድካሙም እውነተኛ ነበር፤ በ1994 የሌላ ተወዳዳሪ ጫማ ስለት ጭኑን ቆርጦት እጅግ ብዙ ደም ፈሶታል፤ በ2000 ደግሞ በልምምድ ላይ ወድቆ የአንገቱ አጥንት ተሰብሯል። መውደቅ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ከወደቁት መካከል ሲያልፍ በደስታው ላይ ልክ ያበጅለታል። ተመልካቹ ግን የወደቀበት ነገር ስለሌለ ደስታው ብዙ ጊዜ ልክ የለውም።

የለመደ ዓይን

ምናልባት «ይህ ሁሉ ስለ አንዲት ቅጽበት ስሜት ነው፤ ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ ስሜቱም ይጠፋል» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ቅዱስ አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ስለ ወዳጁ ስለ አሊጵዮስ የጻፈውን ማስታወስ ይጠቅማል። አሊጵዮስ ሕግ ሊማር ሮም በሄደ ጊዜ ሰዎች እርስ በርሳቸው ወደሚገዳደሉበት ትርኢት ባልንጀሮቹ በግድ ወሰዱት። እርሱም ሥጋው በዚያ ቢቀመጥ እንኳ ልቡ እንደማይገኝ ተማምኖ ዓይኑን ጨፈነ። ነገር ግን ከተፋላሚዎቹ አንዱ ሲወድቅ ሕዝቡ በጮኸ ጊዜ አልቻለም፤ ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ በኋላ ጮኸ፣ ተቃጠለ፣ ሌሎችንም ይዞ ለመምጣት የሚቸኩል ሆነ። አውግስጢኖስ በዚህ ታሪክ የሚያስተምረን፣ ተመልካቹ ከወደቀው ተፋላሚ ይልቅ የባሰ አወዳደቅ መውደቁን ነው። አሊጵዮስ ኋላ ተመልሶ ጳጳስ እስከ መሆን ደረሰ፤ ሆኖም ዓይን የልብ በር መሆኑን በራሱ ተምሯል።

የበረዶ ውድድር የሰው መግደያ ትርኢት አይደለም፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ ስሕተት ነው። ነገር ግን በበረዶም ላይ ሞት የደረሰበት ጊዜ አለ። የካቲት 12 ቀን 2010፣ የቫንኩቨር ኦሊምፒክ ሊከፈት ባለበት ዕለት፣ የጆርጂያ ተወላጅ የሆነው የ21 ዓመቱ ኖዳር ኩማሪታሽቪሊ በዊስለር በልምምድ ላይ ሳለ፣ ሉዥ የሚባለው ተንሸራታቹ በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ሲበርር ከቦዩ ወጥቶ ከብረት ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ብዙ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሁኔታውን አሳዩት፤ ሊታይ ይገባ ነበር ወይስ አይገባም በሚለውም ብዙ ክርክር ተነሣ። አዘጋጆቹ ከአደጋው በኋላ የቦዩን ግድግዳ ከፍ አደረጉ፣ የወንዶቹን መነሻም ወደ ታች አወረዱ። እንግዲህ አደጋን ማየት ሁልጊዜ ክፉ አይደለም፤ ለጥንቃቄ፣ ለኃላፊነትና ለሐዘን ሊያነሣሣ ይችላል። ሚዛኑ ይህ ይመስለናል፤ ካየሁ በኋላ የምሠራው ወይም የማዝንለት ነገር አለ ወይስ ድጋሚ ማየት ብቻ ነው የምፈልገው? አንድ ጊዜ ማየት ዕውቀት ሊሆን ይችላል፤ በዝግታ እየተደጋገመ ሲታይ ግን የዓይን ምግብ ይሆናል።

የለመደ ዓይን ደግሞ ቴሌቪዥን ሲዘጋ አብሮ አይዘጋም። ወደ ሰፈር ይወጣል። የጎረቤት ልጅ ፈተና ሲወድቅ፣ የሚያውቁት ነጋዴ ሲከስር፣ የተከበረ ትዳር ሲፈርስ፣ በቁምስናው የሚያገለግል ሰው ሲሳሳት፣ ያችው ትንሽ ደስታ ብልጭ ትላለች። አባቶቻችን «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ያሉት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ምሳር የሚያነሡት ሁሉ ጠላቶች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ግንዱ ቆሞ ሳለ ከጥላው ሥር ያረፉ ናቸው። ያችን ደስታ ግን በጥላቻ ብቻ ልንተረጉማት አይገባም። ብዙውን ጊዜ ምንጭዋ ፍርሃት ነው፤ «እንኳን እኔ አልሆንኩ» የሚል እፎይታ ነው። እፎይታው የሰው ጠባይ ነው፤ በደል የሚሆነው የወደቀውን ረስተን በእፎይታው ላይ ተደላድለን የተቀመጥን እንደ ሆነ ነው።

የመጨረሻውን የሚጠብቅ

ይሁን እንጂ ያው ቴሌቪዥን ሌላ ዓይነት አስተያየትም ሊያስተምረን ይችላል። በ1998 በጃፓን በናጋኖ በ10 ኪሎ ሜትር የአገር አቋራጭ ስኪ ውድድር ታላቁ ኖርዌያዊ ቢዮርን ዴሊ አንደኛ ሆነ። በዚያው ውድድር በረዶን ካየ ሁለት ዓመት ብቻ የሆነው የኬንያው ፊሊፕ ቦይት ተሰልፎ ነበር። ዴሊ ከጨረሰ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል አለፈ፤ ሌሎቹ ሁሉ ገብተው አልቀው ነበር። ዴሊ ግን የሽልማቱን ሥነ ሥርዓት አስጠብቆ በመድረሻው መስመር ላይ ቆሞ ጠበቀው፤ ቦይት 92ኛና የመጨረሻ ሆኖ ሲደርስም አቀፈው። ቦይት በኋላ ልጁን «ዴሊ» ብሎ ሰየመው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2006 በቶሪኖ ኦሊምፒክ፣ አዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ ሆነ፤ በ2010ም በቫንኩቨር ተሰልፏል። ሜዳይ አላገኘም፤ ከፊተኞቹም ጋር አልደረሰም። በሩጫ አንደኛነትን ለለመድን ለእኛ እንዲህ ያለውን ወገን ማየት ዓይናችንን ይፈትነዋል። አሸናፊን ብቻ የምናከብር ከሆንን በእርሱ የምናየው ወደ ኋላ መቅረቱን ነው፤ ድካምን የምናከብር ከሆንን ግን ማንም ባልረገጠው መንገድ ላይ ጀምሮ የጨረሰ ሰው እናያለን።

ዴሊ በዚያች 20 ደቂቃ ምን አየ? ያየው የተመልካቾቹ ሁሉ ዓይን ሊያየው ይችል የነበረውን ያንኑ የደከመ ሰው ነው። የተለየው የቆመበት ቦታ ነው። እርሱ የቆመው በመድረሻው ላይ ሆኖ ሌላው እንዲደርስ በሚፈልግ ሰው ቦታ ነበር። በቤታችን ተቀምጠን የምናይ እኛም ይህን ቦታ መምረጥ እንችላለን፤ ዓይናችን የሚያየውን ትዕይንት መምረጥ ባንችልም፣ ለሚታየው ሰው ምን እንደምንመኝለት ግን በእጃችን ነው።

ስለዚህ ለወላጆችና ለካቴኪስቶች አንድ ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። ልጆችና ወጣቶች በቤት ወይም በቁምስናው አዳራሽ ተሰብስበው ውድድር ሲመለከቱ «አትዩ» ማለት ብዙ አይጠቅምም፤ ዓይኑን ጨፍኖ የነበረው አሊጵዮስም በመጨፈን ብቻ አልዳነም። የሚጠቅመው አብሮ አይቶ መጠየቅ ነው። አንድ ተወዳዳሪ ሲወድቅ ሁሉም በሳቀ ጊዜ «አሁን ይህ ልጅ የአንዳችሁ ወንድም ቢሆን ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ፣ ተነሥቶ ሲጨርስም ከአሸናፊው እኩል ማጨብጨብን ማስለመድ፣ ስሙንና አገሩን ጠይቀው እንዲያውቁ ማድረግ ከብዙ ስብከት ይበልጣል። ስሙን ያወቁት ሰው ሲወድቅ መሳቅ ይከብዳልና።

በመጨረሻም ከእኛ መካከል ወድቆ የማያውቅ፣ ወይም ወደ ፊት የማይወድቅ የለም። የእኛን መውደቅ ካሜራ ላይቀርጸው ይችላል፤ የሚያዩን ዓይኖች ግን ይኖራሉ። ያን ጊዜ ምሳር ይዞ ከሚመጣው ይልቅ በመስመሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀን ሰው እንደምንሻ ሁላችንም እናውቃለን። ለሌላው እንደዚያ ያለ ሰው ለመሆን ልምምዱ ዛሬ፣ አንድ የማናውቀው ሰው በሩቅ አገር በበረዶ ላይ ሲወድቅ ስናይ ሊጀመር ይችላል።